ሰዓቱን የማያስከፍል ሠራተኛ

የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ጦር መሪ፣ መርከብ ሠሪ፣ ሲያሰኘውም ጥርስ ነቃይ ነበር። እጁ ሥራ ሲፈታ ግን የሚሄደው ዕቃ እያዞረ ወደሚቀርጸው ማሽን፣ ወደ ቶርኖው ነው። በሴንት ፒተርስበርግ ቤተ መንግሥቱ ለዚሁ የሚሆን ክፍል አዘጋጅቶ፣ ከጦርነትና ከአማካሪዎቹ ፋታ ባገኘ ቁጥር እንጨትና የዝሆን ጥርስ እያዞረ ይቀርጽ ነበር። ከ1712 ገደማ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) አንድሬ ናርቶቭ የሚባል ወጣት ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ ማሽኖቹን ይሠራለት ጀመር። የናርቶቭ ማሽኖች አንድ ልዩ ነገር ነበራቸው፤ መቁረጫውን የሚይዘው የሰው እጅ ሳይሆን የብረት መያዣ ነው። ንጉሡ ናርቶቭን ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ ልኮት ነበርና ከማሽኖቹ አንዱ ፓሪስ ቀርቶ እስከ ዛሬ በዚያች ከተማ የዕደ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

ለዚህ ጨዋታ መጽሐፍም ነበረው። ፈረንሳዊው መነኩሴና የዕፅዋት ሊቅ ሻርል ፕሉሚዬ የቶርኖን ሥራ ከሀ እስከ ፐ የሚያስረዳ ትልቅ መጽሐፍ በ1701 ሊዮን ላይ አሳትሞ ነበር፤ ጴጥሮስ ወደ ሩሲያኛ አስተረጎመው። መጽሐፉ እንጀራው ቶርኖ ለሆነ ሰው ብዙም አያስፈልገውም ነበር። የሙያው ልጅ ከአባቱ ወይም ከጌታው እግር ሥር ሆኖ እያየ ይማራል። መጽሐፍ የሚያሻው አስተማሪ የሌለው፣ ነገር ግን ገንዘብና ጊዜ የተረፈው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ሁለቱም የተረፉት ለመሳፍንት ብቻ ነበር።

ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ የፈረንሳዩ ሉዊ 16ኛ በቬርሳይ ከመጻሕፍት ክፍሉ በላይ ምድጃና መስፍ አስገባ። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ» እያሉ መስደብ ልማድ ሆኖ፣ ዐፄ ምኒልክ ስድቡን በአዋጅ እስከ መከልከል በደረሱበት አገር ላደገ አንባቢ፣ ንጉሥ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ ቁልፍ ሲሞርድ ማሰብ ያስቸግራል። የቬርሳይ ሰዎችም ቢሆኑ ያሙት ነበር። አስተማሪው ፍራንሷ ጋማን የተባለ ቁልፍ ሠሪ ነው። አብዮቱ ሲጋጋል በቱሊሪ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ውስጥ የብረት መዝጊያ ያለው ስውር ሣጥን ተሠራ፤ ንጉሡም ምስጢራዊ ደብዳቤዎቹን ከተተበት። በኖቬምበር 1792 ጋማን ራሱ ሄዶ ሣጥኑ ያለበትን ቦታ ጠቆመ። ደብዳቤዎቹ በችሎት ማስረጃ ሆነው ቀረቡ፤ ጃንዋሪ 21 ቀን 1793 ንጉሡ በጊዮቲን ተቀላ። ጋማንም ከአዲሱ መንግሥት ጡረታ ተቆረጠለት።

የነገሥታቱን መጫወቻ ወደ ተራው ሰው እጅ ያወረደው ሰው በዚያው ዘመን ለንደን ውስጥ ጎልማሳ ሆኖ ነበር። ሄንሪ ሞድስሊ ያደገው በዉልዊች የጦር ዕቃ ማምረቻ ነው፤ በ12 ዓመቱ ጥይት ሲሞላ ሥራ ጀመረ። 18 ዓመት ሲሞላው፣ በ1789፣ የማይከፈት ቁልፍ ሠርቻለሁ የሚለው ጆሴፍ ብራማ ቀጠረው። ሞድስሊ ሥራውን ሁሉ እየመራ በሳምንት የሚያገኘው 30 ሺሊንግ ነበርና ጭማሪ ጠየቀ፤ ብራማ እምቢ አለ። በ1797 ወጥቶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። የብራማ እምቢታ ለብረት ሥራ ታሪክ ትልቅ ሲሳይ ሆነ።

እስከዚያ ድረስ የብረት ቶርኖ ሠራተኛ ረጅም እጀታ ያለው መቁረጫ በብብቱ ወይም በትከሻው ደግፎ፣ በሚዞረው ብረት ላይ በጉልበቱና በዓይኑ ግምት ይጫነው ነበር። እጁ ከደከመ ሥራው ይጣመማል። ብሎን ለማውጣትማ ጥርሱን አንድ በአንድ በሞረድ መከርከም ግድ ነበር፤ ስለዚህ የአንዱ ብሎን ዳዶ ለሌላው አይሆንም። ሞድስሊ በ1800 ገደማ የሠራው ማሽን መቁረጫውን በጠንካራ የብረት መያዣ ላይ አሰረው፤ መያዣው በተስተካከለ ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ የሚያንሸራትተው ደግሞ ከዋናው ዘንግ ጋር በማርሽ የተያያዘ ረጅም መሪ ብሎን ነው። ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር መቁረጫው የተወሰነ ርቀት ብቻ ይሄዳል። ማርሾቹን በመለዋወጥ የፈለጉትን የጥርስ ርቀት ማውጣት ተቻለ። ነገሮቹን በተናጠል ያሰበ ሰው ከእርሱ በፊት አልጠፋም፤ ናርቶቭ አንዱ ነበር። ሞድስሊ ግን ሁሉንም በአንድ ጠንካራ ማሽን ላይ አዋሐዳቸው። በሱቁም የኢንች አንድ አሥር ሺሕኛ የሚለይ መለኪያ አቁሞ የሠራተኛውን ሥራ ሁሉ በእርሱ ይዳኝ ነበር፤ ስሙንም የአገሩን ትልቅ ዳኛ ማዕረግ ሰጠው።

ይህ ማሽን ለፋብሪካው ያመጣው ለውጥ ብዙ ተጽፎበታል። ለአማተሩ ያመጣው ግን ከዚያ አያንስም። ትክክለኛነት ከሰው ክንድ ወጥቶ ወደ ማሽኑ ሐዲድ ገባ። ሰባት ዓመት በጌታ ሥር ያልታሸ ሰው ማታ ማታ ብቻ እየሠራ ክብ የሆነ ነገር ክብ፣ ቀጥ ያለ ነገር ቀጥ አድርጎ ማውጣት የሚችልበት መንገድ ተከፈተ።

ሆኖም ለመቶ ዓመት ያህል በመንገዱ የሄዱት ባለጸጎች ብቻ ናቸው። ከስትራስቡርግ ለንደን የገባው ጆን ጄኮብ ሆልትዛፕፈልና ወራሾቹ ለመኳንንቱ የሚሠሯቸው ቶርኖዎች ራሳቸው ጌጥ ነበሩ። ከማሽኑ ጋር በመሳቢያ የተደረደሩ መቁረጫዎች ይሸጣሉ፤ ገዢው በእነሱ የዝሆን ጥርስና ጥቁር እንጨት ላይ ጥልፍ የመሰለ ጌጥ ያወጣል። ልጁ ቻርልስ በ1843 ስለ ቶርኖና ስለ እጅ ሥራ የሚያትት መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። አምስት ቅጽ የሆነው ግን እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ድርጅቱን ባለቤቱ አሚሊያ፣ መጽሐፉንም ልጃቸው ቀጥለውበታል።

በሞድስሊ ሱቅ የሠራው ጆሴፍ ዊትዎርዝ ደግሞ ለድሃው አማተር ሁለት ነገር ትቶለት አለፈ። አንዱ በ1841 ያቀረበው የብሎን ጥርስ መለኪያ ነው፤ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆን፣ ለእያንዳንዱ ውፍረት የጥርሱ ብዛት አንድ ዓይነት እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ቁጭ ብሎ ብሎን የሚያወጣ ሰው ከገበያ የገዛው ዳዶ እንደሚገባለት እርግጠኛ ሆነ። ሁለተኛው ፍጹም ዝርግ የሆነ ገጽ ያለ ምንም ማሽን የሚወጣበት ዘዴ ነው። ሁለት የብረት ገበታ ወስደህ ቀለም እየቀባህ፣ እያጋጠምህ፣ የሚነካካውን ጉብታ ብትፍቅ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ ግን አንዱ ጎባጣ፣ ሌላው ጎድጓዳ ሆነውም ሊገጥሙ ይችላሉ። ሦስተኛ ገበታ ጨምረህ ሦስቱን እያዞርህ በየተራ ካጋጠምህ ግን ማምለጫ የለም፤ ሦስቱም እርስ በርስ የሚገጥሙት ሦስቱም ዝርግ ሲሆኑ ብቻ ነው። ዘዴውን የጀመረው የሞድስሊ ሱቅ ይሁን እንጂ በአደባባይ ያስተማረው ዊትዎርዝ ነው። የሚጠይቀው ዋጋ ቀለም፣ መፋቂያና ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ሦስተኛው ነገር በኋላ የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ይሆናል።

ጃንዋሪ 1898 ለንደን ላይ ፐርሲቫል ማርሻል የሚባል አዘጋጅ «ሞዴል ኢንጂነር» የተሰኘ መጽሔት አወጣ። መጀመሪያ በወር አንዴ፣ ቆይቶ በየሳምንቱ ይወጣ የነበረው ይህ መጽሔት የተጻፈው ለመሳፍንት አልነበረም። ቀን ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ባቡር ጣቢያ ውለው ማታ በጓዳቸው ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ለመሥራት ለሚመኙ ሰዎች ነው። በዚያው ዓመት አንባቢዎቹ በለንደን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩና መጽሔቱ ፕሉሚዬ ለመሳፍንቱ የጻፈውን ለተራው ሰው አደረሱለት፤ አስተማሪ የሌለው ሰው አስተማሪ አገኘ።

ማሽኑም ተከተለ። በእንግሊዟ ጊልፎርድ ከተማ አጠገብ ድራሞንድ ወንድማማቾች የሠሩት አንድ ትንሽ ቶርኖ ሐዲዱ ተራ ክብ የብረት ዘንግ ነበር፤ ያ ብቻውን የሥራ ወጪውን በእጅጉ ቀነሰው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ቤት እንደ ልብስ ስፌት ማሽን በእግር እየተረገጠ ይዞራል። በአሜሪካ ኢንዲያና መንትዮቹ የኦብራየን ወንድማማቾች በ1906 ሳውዝ ቤንድ የተሰኘውን የቶርኖ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ድርጅቱ ያሳተመው የቶርኖ አጠቃቀም መመሪያ ደጋግሞ ታትሞ በብዙ አገር የሙያ ተማሪ እጅ ገባ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ደግሞ የካላማዙ ከተማው አትላስ ድርጅት ማርሾቹንና አንዳንድ ክፍሎቹን ከዚንክ ቅይጥ አፍስሶ ዋጋውን አወረደ፤ ማሽኑም በሲርስ መደብር የሽያጭ መዝገብ ከጫማና ከአልጋ ልብስ ጎን ተዘርዝሮ በፖስታ ይታዘዝ ነበር። የዚንኩ ማርሽ ብዙ አይበረክትም እየተባለ ይታማል፤ ግን ያለ እርሱ ስንቱ አሜሪካዊ ገበሬና መካኒክ ቶርኖ ሳይነካ ባረጀ ነበር።

በእንግሊዝ መጽሔቱ አንድ ኮከብ አፍርቶ ነበር። ከርሊ ሎረንስ በአንድ ወቅት የሠራበትን የባቡር ኩባንያ ስም አሳጥሮ «ኤል ቢ ኤስ ሲ» በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ነበር። በ1920ዎቹ የነበረው ክርክር ትንሽ የቤት ባቡር እንደ ትልቁ በድንጋይ ከሰል ይሠራል ወይስ በአልኮል መብራት ብቻ የሚሮጥ መጫወቻ ሆኖ ይቀራል የሚል ነበር። የጊዜው አዋቂዎች አነስተኛ ማሞቂያ በከሰል በቂ እንፋሎት አይሰጥም ባይ ነበሩ። ሎረንስ «አየሻ» የተሰኘች፣ የሐዲዷ ስፋት ሁለት ኢንች ተኩል ብቻ የሆነ ባቡር ሠርቶ በከሰል አነደዳት፤ አዋቂ ሰው ጎትታ ስትሄድ ክርክሩ አበቃ። ከዚያ በኋላ ለአሠርት ዓመታት፣ በ1967 እስኪሞት ድረስ ማለት ይቻላል፣ አንዱን ሞዴል ከሌላው እያስከተለ አሠራሩን በየሳምንቱ ጻፈ። ቋንቋው የመሐንዲስ አልነበረም። አጠገብህ ቆሞ «አሁን ይህን ያዝ፣ ያንን ፍታ» የሚል የሰፈር ሰው ድምፅ ነበር። ስንቱ የመጀመሪያውን ሲሊንደር የበሳው በእርሱ ቃል እየተመራ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ለመርከብና ለጥገና ሱቆቹ ትንንሽ ቶርኖ አስፈለገው። ድራሞንድ በሌላ ሥራ ተጠምዶ ስለነበር ማምረቱ ሴሲል ሙር በ1934 ኖቲንግሃም አጠገብ ቢስተን ከተማ ላቋቋመው ማይፎርድ ለተባለ ድርጅት ተላለፈ። ጦርነቱ እንዳበቃ፣ በ1946፣ ማይፎርድ «ኤም ኤል 7» የተባለውን ቶርኖ ለገበያ አቀረበ። ሞተሩ ራሱ ላይ የተገጠመለት፣ ከሐዲዱ እስከ መሐል ዘንጉ ሦስት ኢንች ተኩል ከፍታ ያለው፣ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማሽን ነበር። የእንግሊዝ አማተሮች ለሁለት ትውልድ ሥራቸውን ሁሉ በዚህ ቶርኖ አቅም ይሰፍሩ ነበር፤ የመጽሔት ንድፍ አውጪም የሚሠራው ነገር በዚህ ማሽን ላይ እንዲገባ ይጠነቀቅ ነበር። ለምሳሌ በላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር ዴኒስ ቻዶክ በ1970ዎቹ ንድፉን ያወጡት «ኩዎርን» የተባለ የመቁረጫ መሳያ ማሽን አለ። የተፈሰሱት ጥሬ ክፍሎች ተገዝተው ቀሪው ሁሉ በቤት ቶርኖ ይሠራል። ፋብሪካ አንድ ማሽን በስንት ሰዓት ያልቃል ብሎ ይጠይቃል፤ ኩዎርንን የሠራ ሰው ግን ወራቱን የሚቆጥርበት ምክንያት የለውም።

በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ጫፍ አንድ ሽማግሌ ይህን ነገር እስከ ጥጉ ወሰደው። በርት ሙንሮ በኒው ዚላንድ ደቡብ ጫፍ በኢንቨርካርጊል ከተማ ይኖር ነበር። በ1920 አዲስ የገዛው ኢንዲያን ስካውት ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ ሲወጣ 600 ሲሲ ሞተር ነበረው፤ ፍጥነቱም በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሙንሮ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ ሞተር ሳይክል ሲያሻሽል ኖረ። ፒስተን ሲያስፈልገው አሮጌ ፒስተኖች አቅልጦ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አፈሰሰ። ፒስተኑን ከኮሎ የሚያገናኘውን ቢዬላ ከትራክተር ዘንግ ቆርጦ በእጁ ቀረጸ። ማይክሮሜትር ባጣበት ቦታ በአሮጌ የጎማ ሽቦ ይለካ ነበር። ክፍል ሲሰበር ሌላ ይሠራል፤ ሲቃጠል እንደገና። የተሰበሩትንና የቀለጡትን በመደርደሪያ ሰብስቦ ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች ናቸው የሚል ጽሑፍ ሰቀለባቸው።

በ1962፣ በ63 ዓመቱ፣ ሞተር ሳይክሉን ወደ አሜሪካ ዩታ ወስዶ በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ሮጠ። በ1967 ሞተሩን 950 ሲሲ አድርሶ ከ1000 ሲሲ በታች ባለው ምድብ ያስመዘገበው ፍጥነት 296 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን ጊዜ 68 ዓመቱ ነበር። የዚያን ቀን መዝጋቢዎች ስሌቱን ተሳስተው ዝቅ አድርገው ጽፈውት ነበርና በ2014፣ ሙንሮ ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ፣ የአሜሪካ ሞተር ሳይክል ማኅበር መዝገቡን አርሞ ፍጥነቱን ከፍ አደረገለት። ሞተር ሳይክሉ ዛሬ በኢንቨርካርጊል በአንድ የብረታ ብረት መሸጫ መደብር ውስጥ ቆሟል። አርባ ሰባት ዓመት ያህል በአንድ ሞተር ላይ እንዲያልፍ የሚፈቅድ የትኛው ፋብሪካ ነው? ሙንሮ ግን ለማንም ሒሳብ አላቀረበም።

ሙንሮ ቢያንስ ቶርኖ ነበረው። ቶርኖ ራሱ የሌለው ሰውስ? ለዚህ መልስ የሰጠው በአሜሪካ ሚዙሪ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የነበረው ዴቪድ ጂንጀሪ ነው። በ1980 የመጀመሪያውን ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ፤ ተከታታዩ ሰባት ሆኖ አለቀ። ሐሳቡ ሙሉ የብረት ሥራ ሱቅ ከተጣለ ብረትና አሉሚኒየም መሥራት ነው። መጀመሪያ ከባልዲ፣ ከሸክላና ከአሸዋ የከሰል ማቅለጫ ይሠራል። በእሱ አሮጌ አሉሚኒየም ይቀልጣል፤ በእንጨት የተቀረጸ ሞዴል እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይወጣና ባዶ ቦታው ላይ ቅልጡ ይፈስበታል። ከተጣለ አሉሚኒየም ድስት የሚያፈሱ የእኛ ባለሙያዎች ይህን ሥራ ጠንቅቀው ያውቁታል። በዚህ መንገድ የቶርኖው አካል ይፈሳል፤ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ከተገዛ ጠፍጣፋ ብረት ይሆንና ዊትዎርዝ ባስተማረው መንገድ በቀለምና በመፋቂያ ይስተካከላል። ከዚያ የሚያስገርመው ይመጣል፤ ገና ያላለቀው ቶርኖ የራሱን ቀሪ ክፍሎች መሥራት ይጀምራል። ቶርኖው ሲያልቅ ሌሎቹን ማሽኖች ይወልዳል፤ ብረት መላጊያ፣ ፍሬዛ፣ ትራፓኖ። ጂንጀሪ በ2004 ሞተ። ከመጽሐፎቹ እየተነሡ ማሽን የሠሩት ሰዎች ከየአህጉሩ ናቸው። ከሞድስሊ ጀምሮ ማሽን ማሽንን ሲወልድ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ጂንጀሪ የጨመረው ያ ልደት ከአንድ ሰው ጓሮና ከአንድ ጆንያ ከሰል ሊጀምር እንደሚችል ማሳየቱን ነው።

የጂንጀሪ መጽሐፎች በወጡበት ዘመን ግን የተጣለ ብረት ብቻ ሳይሆን የተጣለ ማሽንም በዝቶ ነበር። በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በቁጥር የሚታዘዝ ፍሬዛ ለሕዝብ ታይቷል። ሐሳቡ ከኮምፒውተር ጋር ተጋብቶ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ፋብሪካዎቹን ሲወርር፣ በእጅ የሚዘወሩት ከባድ ማሽኖች በቆራሌ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ። የሙያ ትምህርት ቤቶችም ክፍሎቻቸውን ሲዘጉ ተማሪ ያስለመዳቸውን ቶርኖ አወጡ። አንድ ጡረተኛ መካኒክ ወጣት ሳለ ሊያስበው የማይችለውን ማሽን በጭነት መኪና አስጭኖ ቤቱ የሚያስገባበት ጊዜ መጣ። በ1982 በአሜሪካ ሚሺጋን ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን «ሆም ሾፕ ማሽኒስት» የተሰኘ መጽሔት መውጣት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ማሽን ማደስ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ፤ ማሽኑ ሌላ ነገር የሚሠራበት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሚሠራው ነገር ማሽኑ ራሱ ሆነ።

ሥራው እንዲህ ነው። ማሽኑ ተፈትቶ ክፍሎቹ ይቆጠራሉ፣ ይለያሉ። ዝገት የበላቸው ትንንሾቹ በፕላስቲክ በርሜል ውኃ ውስጥ ይንጠለጠላሉ፤ ውኃው ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይሟሟል። የባትሪ ቻርጀር ነጌቲቩ ሽቦ ከዛገው ክፍል ጋር፣ ፖዘቲቩ ከተጣለ ተራ ብረት ጋር ይታሰራል። ቻርጀሩ ሲበራ ከዛገው ብረት ላይ አረፋ መውጣት ይጀምራል፤ ሌሊቱን አድሮ ቀዩ ዝገት ለቅቆ በብሩሽ የሚጠረግ ጥቁር ዱቄት ይሆናል። አረፋው ሃይድሮጂን ስለሆነ ሥራው ደጅ ነው የሚሠራው፤ በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት ከታሰረም ውኃው መርዝ ይሆናልና ልምድ ያለው ሰው አይነካውም። ጥሩው ነገር ብረቱ አለመጎዳቱ ነው፤ ሞረድና የብረት ብሩሽ ደህናውን ብረት ከዝገቱ ጋር ይወስዱታል፣ ይህ ግን ዝገቱን ብቻ ይፈታል።

ከባዱ ሐዲዱ ነው። የአሮጌ ቶርኖ ሐዲድ እኩል አያልቅም። አብዛኛው ሥራ አጭር ስለሆነ መቁረጫው ዕድሜውን የሚመላለሰው የሚሠራው ብረት በሚታሰርበት ጫፍ አጠገብ ነው፤ እዚያ ጋ ሐዲዱ ጎድጎድ ይላል፣ ሌላው ጫፍ ላይ ግን እንደ አዲስ ነው። ስለዚህ ተንሸራታቹ መያዣ ለጎድጓዳው ቦታ ተስተካክሎ ከጠበቀ ሌላው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይጣበቃል። ማረሚያው የዊትዎርዝ ቀለምና መፋቂያ ነው። ዝርግነቱ የተረጋገጠ ገበታ ሰማያዊ ቀለም በስሱ ይቀባና ሐዲዱ ላይ ይታሻል፤ ቀለሙ የነካው ቦታ ጉብታ ነውና በመፋቂያ ይላጣል። አንድ ፍቀት ከሰው ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ እንኳ አያነሳም። እንደገና መቀባት፣ እንደገና ማሸት፣ እንደገና መፋቅ፤ ሰማያዊዎቹ ነጥቦች በየጥፍር ስፋቱ እኩል እስኪበተኑ ድረስ። ኤድዋርድ ኮኔሊ በ1955 ያሳተመው ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ለባለሙያ ጠጋኞች ነበር የተጻፈው፤ ዛሬ በብዛት የሚገልጡት በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩት ናቸው። ባለሙያው ይህን ሥራ ሲሠራ የሚያስከፍለው የሰዓት ሒሳብ ከማሽኑ ዋጋ ይበልጣል፤ ስለዚህ ማንም አያሠራውም። የትንሽ ቶርኖን ሐዲድ በእጁ የሚፍቀው ሰዓቱ የማይሸጥ ሰው ነው።

በ1990ዎቹ ከሻንጋይ የወጡ ትንንሽ ርካሽ ቶርኖዎች ገበያውን እንደገና ለወጡት፤ ብዙ ገዢዎች ማሽኑን ከካርቶን አውጥተው መጀመሪያ የሚያደርጉት መፍታት፣ ቅባቱን ማጠብና ማስተካከል መሆኑን ለመዱት። በ2011 የቢስተኑ የማይፎርድ ፋብሪካ ተዘጋና ዕቃው በጨረታ ተሸጠ፤ ስሙን ሌላ ድርጅት ገዛው። አሮጌዎቹ «ኤም ኤል 7» ቶርኖዎች ግን አሁንም ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ናቸው።

በዚህ መንገድ ከተጓዙት መካከል ክሪስ ቡዲሴሊክ የተባለው አውስትራሊያዊ ከማንም ርቆ ወደ ኋላ ሄደ። ለመሥራት የመረጠው አንቲኪቴራ የተባለውን የጥንት ግሪክ የሰማይ ማስያ ማሽን ነው። በ1901 ባሕር ውስጥ ከሰመጠ መርከብ ወጥቶ አቴንስ ሙዚየም የሚገኘው ይህ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የነሐስ ማሽን የቀረው በ82 ስብርባሪ፣ 30 ማርሽ ይዞ ነው። ቡዲሴሊክ ማርሾቹን በዘመናዊ ቶርኖ ብቻ አልሠራም፤ የጥንት ሰዎች በምን እንደ ሠሩት ለማወቅ ሞረዱን ራሱ በእጁ ጥርስ አውጥቶ፣ አጠንክሮ፣ በእሱ ነሐስ እየቆረጠ ይሞክር ነበር።

ሥራው የቀን መቁጠሪያ ቀለበቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከቀለበቱ ሥር የቀዳዳ ረድፍ አለ፤ የቀረው ግን ቁራጭ ብቻ ነው። ምሁራኑ ቀዳዳዎቹ ለፀሐይ ዓመት ቀናት የቆሙ 365 ናቸው ብለው ለረጅም ጊዜ ተስማምተው ነበር። ቡዲሴሊክና ባልደረቦቹ በኤክስሬይ ምስሉ ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች ለኩ፤ ቀለበቱ ተሰባብሮ የተንሸራተተውን እያሰሉ አስተካከሉ። በ2020 በብሪታንያ የሰዓት ሠሪዎች መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ ቁጥሩ 354 አካባቢ ነው አሉ፤ ይህ የጨረቃ ዓመት ነው። በ2024 የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያንኑ ልኬት ወስደው በጠፈር የስበት ሞገድ ለመለየት በሚጠቀሙበት የስታቲስቲክስ ዘዴ መረመሩት። ውጤቱ 354 ወይም 355 ሆነ፤ 365 መሆኑ እጅግ የራቀ ነው። ከዚህም ጋር የጥንቱ ባለሙያ ቀዳዳዎቹን ሲበሳ ከትክክለኛው ክብ መስመር የሳተው በአማካይ 0.028 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን አሰሉ።

ማሽኑ ከመቶ ዓመት በላይ በሊቃውንት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስለ ቀለበቱ የሚጽፍ ሰው «365 ገደማ» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ቀለበቱን የሚበሳ ሰው ግን አይችልም፤ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ከመብሳቱ በፊት ክቡን ስንት ቦታ እንደሚከፍል ማወቅ አለበት። ቡዲሴሊክ ያንን ለማወቅ ሥራውን አቁሞ የፈለገውን ያህል ጊዜ መለካት ቻለ፤ ቀለበቱን በቀነ ገደብ የሚጠብቅ ደንበኛ አልነበረውምና።